ያልተሳበው የእጅ ፍሬን

መርማሪዋ በሰው አጥር ላይ በመሰላል ተንጠላጥላ ስትገባ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ወደ ውስጥ የሚከፈተውን የብረት በር የቤቱ አውቶማቲክ መኪና በአፍንጫው ደፍኖታል፤ የሚገባም የሚወጣም የለም። ከጎማው አጠገብ የቤቱ ጌታ አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል። የእንጨት ሥራ ቤት ባለቤት ነበር። እንደ ሁልጊዜው ጠዋት ጓጉንቸሩን ሊከፍት ጀርባውን ለዳገቱ ሰጥቶ ቆሞ ሳለ፣ መኪናው ከላይ ተንደርድሮ ከበሩ ጋር አጣበቀው።

ግቢው ውስጥ የተዘጋባቸው አራት ሰዎች ናቸው፦ ሚስቱ፣ ሴት ልጁ፣ ታናሽ ወንድሙና እዚያው የሚያድረው ሾፌሩ። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ሾፌሩን በካቴና አስሮ ደረጃው ላይ አስቀምጦታል። ማታ መኪናውን ዳገቱ ላይ ያቆመው እሱ ነዋ።

«የእጅ ፍሬን ሳይዝ አቁሞ ወንድሜን ፈጀው!» አለ ታናሽየው። «እኔ ላይ ቤት ክፍሌ ነበርኩ፤ መስኮቴም ዝግ ነው። ቋ! ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ክብደቱን የመቆሚያው ማርሽ፣ ፒ ላይ የጣለ መኪና ሲለቀቅ ነው እንዲህ የሚጮኸው።»

«መኪና ታውቃለህ» አለች መርማሪዋ።

«የሥራ ቤቱን ጭነት የምነዳው ማን ሆነና!»

መርማሪዋ መኪናው ውስጥ አየች። ማርሹ ኒውትራል ላይ ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ወርዷል፤ ቁልፉ ቦታው ላይ ነው። ፖሊሱ ሊቀመጥ ሲሞክር ጉልበቱ መሪው ሥር ተቀረቀረ። ሾፌሩ ደግሞ ከፖሊሱ በጭንቅላት ይረዝማል።

ወደ ሾፌሩ ሄደች። «እንዴት ነው የምታቆመው?»

«ፍሬን እረግጣለሁ፣ ኒውትራል አደርጋለሁ፣ የእጅ ፍሬን እስባለሁ። እግሬን ሳነሳ መኪናው ክብደቱን የእጅ ፍሬኑ ላይ ይጥላል። ፒ የማስገባው መጨረሻ ነው።»

«ትናንትስ?»

አቀረቀረ። «ረስቼ ይሆናል።»

«ውሸታም! ስንት ዓመት ነዳህላቸው?»

«አሥራ አንድ።»

«የአሥራ አንድ ዓመት እጅ አይረሳም። እስር ቤት ትገባለህ እኮ፣ ሰውዬ!»

«ልግባ።»

መርማሪዋ ደሟ ፈላ። ፒ የምትባል አንዲት ፊደል አይቶ ቁልፉን እያሽከረከረ የሚሄድ ነጂ ሞልቷል፤ ያን ሁሉ ብረት ዳገት ላይ አንቃ የያዘችው የጣት ያህል የማርሽ ጥርስ መሆኗን ማን ያስባል? ይህ ሰው ግን ያስባል። ታዲያ ለምን ይዋሻል?

ፖሊሱ መኪናውን ወደ ቦታው እንዲመልስ አዘዘችና ሁሉንም ታናሽየው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መስኮቱን ዘጋች። ከታች መኪናው ሦስት ጊዜ ሲናጥ በመስታወቱ አዩ።

«የሰማ አለ?»

«ኧረ ምንም» አለች ሚስቲቱ።

«እንዳዘዝኩት ፖሊሱ በፒ ብቻ እያቆመ ሦስቴ መንጭቆ አወጣው። ሦስቴም ቋ ብሏል። ያንን የሚሰማው ማርሹን የጎተተው ሰው ብቻ ነው።»

ታናሽየው ሳቀ። «ፒው በራሱ ቢያመልጥስ?»

«ፍሬን ሳይረገጥ ከፒ አይወጣም። ተሰብሮ ነው እንዳትለኝ፤ አሁን ሦስቴ ይዟል። ሾፌሩ ኒውትራል ላይ ትቶት ነው እንዳትለኝም፤ ያኔ ማታውኑ በሄደ፣ ቋም ባላለ። ገብተህ ፍሬን ረገጥክ፣ ማርሹን ከፒ ሳብክ። ጮኸ። የእጅ ፍሬን እንዳልተያዘ ያወቅከው ያን ጊዜ ነው፤ ጥፋቱን የሚሸከምልህ ሰው አገኘህ። እግርህን ከፍሬኑ አንስተህ ወረድክ።»

«እሱ እኮ ነው ያልያዘው!»

«እሱማ ይዞ ነበር። እሱ እንዳቆመው ቢቆይ ማርሹ ያለ ድምፅ ይወጣልህ ነበር፤ አንተም ይህን ሁሉ አትለፈልፍም ነበር። ከእሱ በኋላ አጭር ሰው ነድቶታል፤ ወንበሩ ወደ ፊት ተስቧል።»

ልጅቱ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ጠዋት ብስክሌቴን ከመኪናው ጀርባ ላወጣ ፈቀቅ አደረግኩት… ፒ ካደረግኩት ይበቃል ብዬ ቁልፉንም እዚያው ተውኩት።»

ታናሽየው አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ሳቁ ጠፍቷል። «አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ማታ ማታ ወንድሜ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ጠዋት ስወጣ ‹ወዴት?› ይለኛል። ትናንት ‹ልሂድ፣ የራሴን ቤት ልያዝ› ብለው፣ ‹የት አባህ ትሄዳለህ!› ብሎ ሳቀብኝ።»

ፖሊሱ ከታች ወጥቶ ካቴናውን ከሾፌሩ አውልቆ ለታናሽየው አደረገለት።

«አንተስ!» አለች መርማሪዋ ወደ ሾፌሩ ዞራ። «ለምን ዋሸህ?»

ሾፌሩ አንጓውን አሻሸ። «ጠዋት መኪናውን ስታንቀሳቅስ አይቻታለሁ። እሷ ናት ብል፣ አባቷን ገደለች ማለቴ አልነበር?»

ልጅቱ ቀና አለች። «ጋሼ… እኔ እኮ እጅህ ሲታሰር እያየሁ ዝም አልኩ።»

«አውቃለሁ» አለና ደረጃውን ብቻውን ወረደ።