የዘካሪያስ ሳጥንና የአባቴ የውሃ ተራ

ኮቦ ላይ ሰርግ ተደግሶ እኔ ካልተጠራሁ፣ ወይ ሙሽሮቹ ተጣልተዋል ወይ መብራት ጠፍቷል። ከጎብዬ እስከ ዋጃ ሞንታርቦ የሚያከራይ ሞልቷል፤ ሴት ግን እኔ ታንጉት ብቻ ነኝ። ስፒከሩን ራሴ አወርዳለሁ፣ ገመዱን ራሴ እዘረጋለሁ፣ ሞቅ ያለው ሚዜ ማይክ ሲነጥቀኝ ራሴ መልሼ እነጥቀዋለሁ። ድምፅ አውቃለሁ ብዬ ስናገር አላፍርም።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ሞንታርቦዬን ስፈትሽ፣ የጎረቤታችን የእማማ ብዙነሽ ልጅ ዘካሪያስ ከበለሱ አጥር ማዶ ብቅ ብሎ «የግራው ታሟል» ሲለኝ ደሜ ፈላ።

«ምን አልክ?»

«የግራው ስፒከር። ቀጭን ድምፅ ሲመጣበት ይሻክራል።»

«ሰርገኛ ሲጨፍር ማን ያንን ይሰማል?»

«አንቺ ሰምተሽዋል።»

እውነቱን ነው፤ ሰምቼዋለሁ። እንደሰማሁት ያወቀብኝ ሰው ግን የመጀመሪያው እሱ ነው። ዓይኔን አልሰበርኩም፤ እሱም አልሰበረም። በበለሱ እሾህ መሃል እንደዚያ ተያይተን ስንቆም ዘፈኑ አልቆ ነበር፤ ሁለታችንም ልብ አላልነውም።

ዘካሪያስ አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚቃ ሲቀዳና ሲያስተካክል ብዙ ዓመት ኖሮ መመለሱ ነው። ከከተማ የሚመለስ የኮቦ ልጅ ወይ የውሃ ፓምፕ ወይ ባጃጅ ይዞ ይገባል። እሱ የለፋበትን ሁሉ አፍስሶ ይዞ የመጣው ከአንድ ጡብ ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ሳጥን ነው። የሰፈሩ ሰው ሲያወራ ሰምቼ አብሬ ስቄ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ግን ሳጥኑን ሳላየው መዋል አቃተኝ።

«ምን ይሠራል?» አልኩት፣ የእናቱ ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ ቆመን።

«ዳክ ይባላል። ሙዚቃ ስልክሽ ላይ የተቀመጠው ቁጥር ሆኖ ነው። ይሄ ቁጥሩን መልሶ ድምፅ ያደርገዋል።»

«ስልኬም እኮ ያንኑ ነው የሚያደርገው።»

«ያደርጋል፤ እየቸኮለ።»

«ይሄኛው ጊዜ አለው በለኛ።»

«ጊዜ መጠበቅ ነው ሥራው» አለና ሳቀ። እውነቱን ለመናገር ከሳጥኑ በፊት የወደድኩት ሳቁን ነው።

ያን ቀን የሰማሁት ድምፅ ግን የሚያኮራ አልነበረም። ከበሮው ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል፤ ወፍራሙ ድምፅ ጥግ ጥጉን ይዞ ያጉረመርማል። ሌላ ሰው ቢሆን «ደስ ይላል» ብሎ ይወጣ ነበር።

«ሳጥንህ ደህና ነው» አልኩት። «የታመመው ቤትህ ነው።»

«እንግዲያው አብረን እናክመው።»

አከምነው። የማሽላው አዝመራ ገብቶ ስለነበር ጆንያዎቹን ጥግ ላይ ከመርናቸው፤ ማጉረምረሙ ጋብ አለ። ከኋላ ግድግዳው ላይ ወፍራም ጋቢ ሰቀልን። ስፒከሮቹን ከግድግዳ አራቅናቸው፣ የመብራቱን ገመድ ከድምፁ ገመድ ለየን። መብራቱን ከመሬት የሚያገናኘውን የኧርዝ ብረት ግቢ ውስጥ ቀብረን፣ መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ጨው ነስንሰን ውሃ አጠጣነው። እማማ ብዙነሽ ማሽላ ሊወስዱ ሲገቡ በሩ ላይ ቆመው «ከየትኛው ጆንያ ብቀዳ ነው ዘፈኑ የማይበላሸው?» ይሉን ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ድምፁ ልክ የሚገጥምበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። እዚያ ላይ አንዲት በርጩማ አለች፤ ዘካሪያስ ሁልጊዜ እኔን ያስቀምጥባትና ስፒከሩን በጣት ልክ እየገፋ ፊቴን ያያል።

«አሁንስ?»

«ትንሽ ወደ ውስጥ።»

«አሁንስ?»

ዘፋኟ ከፊቴ መሃል ላይ መጥታ የቆመች ሲመስለኝ ምንም አልልም፤ እሱ ግን ከፊቴ አንብቦ እጁን ያነሳል። አንድ ቀን ስፒከሩን ረስቶ እኔን ብቻ ሲያይ ያዝኩት።

«ስፒከሩ እዚያ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ታያለህ?»

«ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ምን ይላሉ?»

«ላክና እናያለን» አልኩት። 

አያ አላምረውና ሐጂ ታሂር ተላኩ። በኛ ሰፈር ከቤተ ክርስቲያኑም ከመስጊዱም አንድ አንድ ሰው ካልተጣመረ ሽማግሌው ሙሉ አይሆንም። አባቴ ገብረ ማርያም በአክብሮት አስገብተው አስቀመጧቸው፣ ሁሉንም ሰሙ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

«ልጁን አልነቅፈውም» አሉ አባቴ። «ግን ከመጣ ጀምሮ አገሩ ይጮህበታል። እናቱ ነግራኛለች፤ አንድ ነገር እምምም ይላል እያለ ምሽቱን ሙሉ ገመድ ሲነቅልና ሲሰካ ነው የሚያመሸው። አገሩ የጮኸበት ሰው አይቀመጥም፤ ነገ ሻንጣውን ያነሳል። ልጄን ለመንገደኛ አልሰጥም።»

«እንመለስ ወይስ እንቅር?» አሉ ሐጂ ታሂር።

«ኑ። በር አልዘጋሁም።»

እምምም የሚለው ነገር እውነት ነበር፤ ማለቴ ለዘካሪያስ። ሙዚቃው ባረፈ ቁጥር ከሥር ይሰማኛል ይላል። እኔ አይሰማኝም። በማግስቱ ገብቼ በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩና ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ።

«የለም» አልኩት። «ተወው በቃ። እኔን ከወደድክ ተወው።»

«አለ። ታንጉት፣ አንቺ የምትሰሚ ሰው ነሽ። ለምን ታባብዪኛለሽ?»

ይሄ አንገበገበኝ። «አላባብልህም። አባቴ እውነታቸውን ነው። እዚህ ያለ ነገር አይጥምህም። የጎደለ ስትፈልግ ውለህ የምታድረው መሄጃ ስለፈለግክ ነው።»

ዘካሪያስ ሳጥኑን አጠፋው። ገመዶቹን መጠቅለል ጀመረ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዋጃ ላይ ሰርግ ነበረኝ፤ ሳልሰናበተው ሄድኩ። ሰው ሲጨፍር እኔ ሚክሰሬ ላይ አቀርቅሬ ዋልኩ። በማግስቱ ጠዋት ዕቃዬን ጭኜ ተመልሼ በራችን ላይ ከመኪናው ስወርድ ጆሮዬ የተደፈነ መሰለኝ። አዛጋሁ፣ ምራቄን ዋጥኩ፤ አልከፈት አለኝ። ዶሮው ይሰማኛል፣ የሚያልፈው ባጃጅ ይሰማኛል። ግን ከሁሉም ሥር የነበረ አንድ ነገር ተነስቷል።

አባቴ ደጅ ላይ የአካፋ እጀታ ይጠርባሉ።

«አባዬ፣ ምን ሆኗል? ዝም ብሏል እኮ።»

«ሞተሩን ነው? ትናንት ተቃጥሎ ሊጠግኑት ወሰዱት።»

ሞተሩ የውሃ ማህበሩ ነው። ከእርሻችን ዳር ካለው ጥልቅ ጉድጓድ ውሃ እየሳበ ለባለ ተራው ማሳ ይሰጣል፤ አንዱ ተራውን ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል። ጥርሴን ሳልነቅል ጀምሮ በሱ ድምፅ ተኝቼ በሱ ድምፅ ነቅቻለሁ። ለኛ ሰፈር ሰው ዝምታ ማለት እሱ ነው። እምምም የለም ብዬ ስከራከር ዋሽቼ አልነበረም፤ ስሰማው ስላደግሁ አልሰማውም ነበር።

አጥሩን ዞሬ መሄድ ረዘመብኝ፤ በበለሱ መሃል ገባሁ። ቀሚሴ ተቀደደ። ዘካሪያስ ደጁ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ደነገጠ።

«ክፈተው» አልኩት።

ከፈተው። ሙዚቃው ሲያርፍ የተረፈ ነገር አልነበረም። ዘካሪያስ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አስጠጋ፣ መልሶ አራቀ።

«ጠፍቷል» አለ።

«የጉድጓዱ ሞተር ነው። ከአንድ ትራንስፎርመር ነው መብራት የምንስበው፤ እሱ ሲሠራ በሽቦው አድርጎ ሳጥንህ ውስጥ ይገባል። ልክ ነበርክ። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

ክንዴን ይዞ የበለስ እሾህ አንድ በአንድ ይነቅልልኝ ጀመር። ጣቶቹ ቀስ ይላሉ፤ ስፒከር ሲገፋ እንደሚያደርገው።

«መሄጃ አልነበረም የምፈልገው» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ያኔም ታውቂ ነበር ወይስ አሁን?»

«አሁን።»

ሳቀ፤ ሳቅኩ። እንደምወደው የነገርኩትም ያኔ ነው፤ እሾኹን ሳይጨርስ።

ሞተሩ ተጠግኖ ተመለሰ፤ እምምም አብሮ ተመለሰ። በባትሪ ሞከርን፤ የባትሪውን ኃይል ወደ መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር ደግሞ የራሱን ጩኸት ይዞ መጣ።

«ለአባቴ ልንገራቸው» አልኩት። «በተራቸው ቀን ለአንድ ዘፈን ያጥፉት። ሳጥንህ ምን እንደሚችል ሽማግሌዎቹም ይስሙ፣ እሳቸውም ይስሙ።»

«እንዳታደርጊው።»

«ለምን?»

«ሽንኩርታቸው ራስ እየቋጠረ ነው። በዚህ ሰዓት ለዘፈን ብሎ የሰው ውሃ የሚያስቆም ራያ ላይ አልተወለደም። ሞተሩ ይሥራ። እኔ እለምደዋለሁ።»

ራት ላይ ለአባቴ ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ አንዱንም አልደበቅኩም። አባቴ ጉርሻቸውን ይዘው ቆዩ።

«እለምደዋለሁ አለ?»

«አዎ።»

«ሽንኩርቱ ራስ መቋጠሩን በምን አወቀ?»

«ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል ያየዋል።»

ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ውሃ ጠጡ። «ሽማግሌዎቹ ሐሙስ ረፋድ ይምጡ» አሉ።

«እማማ ብዙነሽ ቤት ተሰብስበው፣ የቀዳነውን የሶለል ዘፈኔን ሰምተው ነው የሚመጡት። ግን ሐሙስ ተራዎ አይደል እንዴ?»

«ተራዬ ነው» አሉና እጃቸውን ታጠቡ። 

ነሐሴ ላይ የኮቦ ሴቶች ለሶለል በዓል እየዘፈኑ ሲወጡ የሰፈራችን ዘፈን አውጪ እኔ ነኝ። ዘካሪያስ ሞተሩ ለጥገና በሄደበት ሰሞን ከበሮ አስይዞኝ ድምፄን በዚያው ክፍል ቀድቶት ነበር። ሐሙስ ረፋድ ሐጂ ታሂር በዕድሜ ታላቅ ስለሆኑ በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ፤ አያ አላምረው አጠገባቸው። ደንቡ ቢሆን እኔ እዚያ መገኘት አልነበረብኝም፤ ግን ድምፁን የማስተካክለው እኔ ነኝ፣ ማን ይከለክለኛል። በመስኮቱ ማዶ የአባቴ ሽንኩርት ይጠጣል፤ ሞተሩ ይሠራል። ዘካሪያስ ሳጥኑ እስኪሞቅ ጠበቀና ከፈተው። ከድምፄ በፊት እምምም መጣ። አሁን እኔም እሰማዋለሁ።

ከዚያ ቆመ።

ከመዝፈኔ በፊት ምራቄን ስውጥ ተሰማ። መዳፌ ከበሮው ላይ ሳያርፍ አምባሬ ቆዳውን ሲነካው ተሰማ። ቀጥሎ ድምፄ መጣ፤ በሞንታርቦ ሳስጮኸው የኖርኩት ድምፅ ሳይጮህ መጥቶ ክፍሉ መሃል ቆመ። ሴትዮዋ ከሐጂ ታሂር ፊት ለፊት የቆመች ያህል ነበር፤ ሴትዮዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ዘካሪያስን አየሁት። የማሽላው ጆንያ ላይ ተደግፎ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

ሐጂ ታሂር ግን ጆሯቸው ሌላ ቦታ ነው። «ሞተሩ ቆመ» አሉ።

«ዳግመኛ ተበላሽቶ ይሆናል» አሉ አያ አላምረው።

ሐጂ ታሂር ተነስተው በመስኮቱ አዩ።  «አልተበላሸም። ገብረ ማርያም ነው ያጠፋው። ማጥፊያው ጋ ቆሞ ወደዚህ ያያል።» ወደ እኛ ዞሩ። «በገዛ ተራው። ወላሂ ስንት ቤት ለሽምግልና ሄጃለሁ፣ እንዲህ ያለ እሺታ ሰምቼ አላውቅም።»

እማማ ብዙነሽ ዘፈኑን እንዳይረብሹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው አለቀሱ።

አባቴ የመጡት ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው። እግራቸው ጭቃ፣ አካፋው ትከሻቸው ላይ። ደጁ ላይ ቆመው አልገባም አሉ።

«አያ ገብረ ማርያም፣ ሽንኩርቱ...» አለ ዘካሪያስ።

«ለአንድ ዘፈን ያህል ውሃ ቢያጣ አይሞትም። ሰማኸው?»

«ሰማሁት።»

«ጥሩ ነው?»

«ከዚህ የተሻለ ሰምቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ከዛሬ ወዲያ አላጠፋልህም።»

«አይጥፋ።»

አባቴ አካፋውን ከትከሻቸው አወረዱና ሰጡት። «ና። የቀረችኝን ተራ አብረን እናጠጣ።» ዘካሪያስ ጫማውን አውልቆ ተከተላቸው። ሞተሩ ተነሳ።

ከተጋባን ወዲህ ያንኑ ክፍል ሁለታችን እንሠራበታለን፤ በርጩማዋን አውጥተን ለሁለት ሰው የምትበቃ አግዳሚ አስገብተናል። የአገሩን ዘፈን እሱ ይቀዳል፣ እኔ አዳምጬ እፈርዳለሁ፣ ሰርግ ሲኖርም ሞንታርቦዬን ጭኜ እወጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቁጭ ብለን ስንሰማ ዘካሪያስ ዘፈኑን አቋረጠው። ገመዶቹን ነካካ፣ ሳጥኑን አጠፋና አበራ፣ ጆሮውን በእጁ ደፍኖ ለቀቀ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«እንጃ። አንድ ነገር ጎደለ።»

በመስኮቱ አየሁ። ማሳው ዳር ሰዎች ተሰብስበው ሞተሩን ለጥገና ሲፈቱ አባቴ መሃላቸው ቆመዋል። ለባሌ ወዲያው አልነገርኩትም። ጎኑ ተቀመጥኩና ትንሽ እንዲፈልገው ተውኩት።