የጸሎት ርዕስ

አጣቢዋ በሆስፒታሉ የአንሶላ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን አቅለሽልሿት አያውቅም። ደም፣ መግል፣ ትውከት፣ ሌላም ሌላም የነካው አንሶላ በየጠዋቱ በጋሪ ተቆልሎ ይመጣል፤ እሷ ጓንቷን አጥልቃ እያንጎራጎረች ትለየዋለች። የማጠቢያው በረኪና ሽታ ከእጇ ስለማይለቅ የሥራ ጓደኞቿ «በረኪና» ይሏታል። ሆዷ የተገለበጠው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ እጮኛዋ ትከሻዋን ይዞ «ሁላችንም እየጸለይንልሽ ነው» ያላት ዕለት ነው።

እጮኛዋን «ተኳሹ» ይሉታል። ልብስ ስለሚተኩስ እንጂ ዝንብ እንኳ አይገድልም።

ያገናኛቸው አንሶላ ነው። አንሶላ ብቻውን ሆኖ የሚያጥፈው ሰው የለም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይወጥረዋል፣ ከዚያ ጫፎቹን ሊያገጥም ወደ ጓደኛው ይራመዳል፣ መልሶ ይርቃል። አብራት የምታጥፈው ሴት የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ የክፍሉ ኃላፊ ተኳሹን መደበላት። ለአንድ አንሶላ ሦስት ጊዜ ፊት ለፊት መምጣት ነው፤ በቀን ደግሞ ሁለት መቶ አንሶላ አለ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁለቱም አንሶላውን አዩ። በሁለተኛው እሷ ሽፋሽፍቱን ማየት ጀመረች። በሦስተኛው ወር ጫፎቹ ሲገጥሙ ጣቷን አልለቅም አለ።

«ልቀቀኝ እንጂ፣ አንሶላው ተጨማደደ።»

«እተኩሰዋለሁ» አላት።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተቀምጠው፣ ለማንም ያልነገረችውን ነገረችው። እናቷ ሦስት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ነበረች፤ አገላብጣ የምታጥባት እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ቀን እናቷ ስትጠራት፣ አልጋው እንደተበላሸ እያወቀች፣ እንዳልሰማች ሆና ሳሎን ተቀመጠች። የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረገች። እስኪመሽ አልገባችም። «ደክሞኝ ብቻ አልነበረም» አለችው፤ «አስጠልታኝ ነበር።» ተኳሹ እጇን ይዞ ቁጭ አለ። እኔ የማረጀው ከዚህ ሰው ጋር ነው አለች በልቧ፤ የሠርጉም ቀን ብዙ ሳይቆይ ተቆረጠ።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው ረቡዕ ነው። ረቡዕ ረቡዕ በምሳ ሰዓት አሥራ ሁለት የሚሆኑ ሠራተኞች ካውያ ክፍሉ ውስጥ ለጸሎት ይሰበሰባሉ። ደንባቸው፣ ሰው ሁሉ በየተራ ተነሥቶ የጸሎት ርዕሱን ይናገራል፤ የመጋዘን ኃላፊዋ እትዬ ደግሞ ርዕሱን ተቀብለው ይጸልያሉ። የዚያን ዕለት እሷ ጋሪ ስታራግፍ ዘገየች። በሩ ላይ ስትደርስ ተኳሹ ቆሞ ይናገራል፤ ስለ እጮኛው የሕሊና ወቀሳ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ አልጋው። ሬዲዮኑንም አልተወው። ዐይኑን ጨፍኖ እንባው ይወርዳል። ክፍሉ ውስጥ ካውያው እንኳ ትንፋሹን የዋጠ ይመስል ነበር።

ሲያዩዋት ሁሉም ተነሡ። ከንፈራቸውን እየመጠጡ አቀፏት፣ ጀርባዋን ደባበሷት፣ «አይዞሽ፣ ጌታ ያውቃል» አሏት። ተኳሹም «ሁላችንም እየጸለይንልሽ ነው» ያላት ያኔ ነው። ቀፈፋት። አሥራ ሁለት ሰው የእናቷን አልጋ ገልጦ አይቶ እጁን በሷ የጠረገባት መሰላት። እየሮጠች መታጠቢያ ቤት ገባችና አስመለሳት።

ከዚያ ወዲያ ያ ሰው አንገሸገሻት። ሲያኝክ አስጠላት፣ ሽቶው አስጠላት፣ ለጸሎት ዐይኑን ሲጨፍን ማየትማ አይነሣ። ንጹሕ አንሶላ ሲያጥፉ ጣቱ እንዳይነካት ጓንት ታደርግ ጀመር። «ካስቀየምኩሽ ይቅርታ፣ ለጸሎት ብዬ ነው» ሲላት ደግሞ ባሰባት። ይቺ «ለጸሎት ብዬ» የምትለው ነገር፣ በቆሸሸ ፍራሽ ላይ እንደተነጠፈ ነጭ አንሶላ ነበረች።

እትዬ መጋዘኑ ድረስ አስጠሯት። «ልጄ፣ ጌታ እኛን ይቅር ብሎን የለ? አንቺም በዪው እንጂ» አሏት። የምሳ ሰዓት እያለቀ ስለነበር «ይቅር ብዬዋለሁ» አለች። እሳቸው እልል አሉ። እሷ አፏን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠች። ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ «ጌታ ሆይ፣ ይቅር በይ ብለኸኛል፤ እሺ። ግን ይቀፈኛል፤ ምን ላድርግ?» ትል ነበር። ሠርጉ አምስት ሳምንት ሲቀረው ቀለበቱን ልትመልስለት አወለቀችና በሽርጧ ኪስ ይዛ ሥራ ገባች።

ማክሰኞ ከሰዓት ነው። አንሶላውን ወጥረው እንደያዙ ተኳሹ ቆመ።

«ለአንቺ ብዬ አይደለም የተናገርኩት» አለ። «መጀመሪያ ለጸሎት ነበር። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አሉ። ሰው እንደዚያ አዳምጦኝ አያውቅም፤ ጣፈጠኝ። ሬዲዮኑ ጋ ስደርስ ማቆም እችል ነበር፤ ጨመርኩበት። ለቅሶዬም ለሰው ዐይን ነበር።»

ሰቀጠጣት። ወዲያው ልቧ ራራ ብል እዋሻለሁ። እንዲያውም እስከዚያ ቀን ከሰማችው ሁሉ አስቀያሚው ይሄ ነበር። ነገር ግን «ግን» አላለም፤ «ካስቀየምኩሽ» አላለም። አስቀያሚውን ነገር እስከ መጨረሻው ተናገረ፣ እንድትምረውም አልለመናት። እሷም ይህን ዓይነት አነጋገር ታውቀዋለች፤ ፌርማታው ላይ ስለ እናቷ የተናገረችው እንዲሁ ነበር። አሥር የሚሆን አንሶላ አጠፉ።

«የእማዬ የዚያ ቀን ነገር ፌርማታው ላይ በነገርኩህ አላለቀም» አለችው ቀስ ብላ። «ሲመሽ ገባሁ። እማዬ በዚያ ሁሉ መሃል ተኝታ ዐይኗን ገለጠች። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ብትሰድበኝም ይሻለኝ ነበር። ‹ልጄ፣ ምሳሽን በላሽ?› አለችኝ። እስክትሞት ድረስ አንድም ቀን አላነሣችውም።»

ተኳሹ አንሶላውን ደረቱ ላይ ይዞ ቀረ።

«የሰጠችኝን ነው የምሰጥህ። ይቅር ብዬሃለሁ፤ አሁን የእውነቴን ነው። መጋባቱን ግን አላውቅም። አፍህን እፈራዋለሁ።»

«እሺ» አለ። የአንሶላውንም ጫፍ አቀበላት።

በማግስቱ ረቡዕ ነው። ወሬ መቼም እግር አለው፤ መታረቃቸውን ሁሉም ሰምቷል። እሷ ከበሩ አጠገብ፣ እሱ ከጎኗ ተቀመጡ። እትዬ ፊታቸው በርቶ፣ «እስቲ ተነሣ ልጄ፣ ጌታ ያደረገላችሁን መስክር፤ ምን ብላ ይቅር እንዳለችህ ንገረንና እንጽናና» አሉት። አሥራ ሁለቱም ዞሩ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ያ የጣፈጠው ጸጥታ መሆኑ ነው። ተኳሹ ተነሥቶ ቆመ፣ አፉንም ከፈተ። እሷ ቀለበቱን ኪሷ ውስጥ ጨበጠች፤ ያኔ የእናቴን አልጋ፣ አሁን ደግሞ ‹ምሳሽን በላሽ?› ያለችኝን ሊያወጣው ነው አለች በልቧ።

«እትዬ፣ የሷን ነገር የምትናገረው እሷ ናት» አለ። «የኔ የጸሎት ርዕስ አፌ ነው። ጸልዩልኝ።»

ተቀመጠ። አንዳንዱ ቅር አለው፣ አንዱም አጉረመረመ። እትዬ ግን ትንሽ አሰቡና አንገታቸውን ደፍተው ስለ አፉ መጸለይ ጀመሩ። ሰው ሁሉ ዐይኑን ጨፍኖ ሳለ እሷ ቀለበቱን አውጥታ ጣቷ ላይ አደረገችና ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ገና ትንሽ ታስጠላኛለህ» አለችው። «ሠርጉ ግን በቀኑ ነው።»