ከፓምፑ ቤት ጀርባ ያለው ቱቦ

እኔ በጂን ወሬ አምኜ አላውቅም፣ እናቴ የደሴ ሴት ነበረችና የመን፣ ዓደን ከተማ ተወልደን ስናድግ «ቢስሚላህ ሳትሉ ፍል ውሃ መሬት ላይ አትድፉ» ስትለን እኔ ሆን ብዬ ነበር የምደፋው፣ ጂን የሚታየው ሥራ ለፈታ ሰው ነው እል ነበር፣ ዛሬም ቢሆን እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ የሚመጣብኝን ሰው ብዙ አላስቀምጠውም።

ያኔ የዓደን ሰፈር በሆነው ኮርማክሳር ባለ አንድ የምህንድስና ቢሮ ነበር የምሠራው። ከከተማዋ ዳር ብሬቃ በኩል ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ ነዳጅ ማስተላለፊያ ጣቢያ ሊታደስ ስለነበር የመለኪያ መሣሪያዎቹን ዝርዝር እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ፣ ሥራው ማንም የሚሠራው ነው፣ እያንዳንዱን ጌጅ፣ ማለት የግፊት መለኪያ፣ በዓይንህ ታያለህ፣ ቁጥሩንና የተገጠመበትን ቱቦ ትመዘግባለህ፣ መጨረሻ ላይ ትፈርማለህ፣ አሮጌዎቹን ቱቦዎች የሚቆርጡት ብረት ቆራጮች ግን እሳታቸውን የሚለኩሱት ያንን ፊርማ አምነው ነው፣ ባዶ ነው ካልክ ባዶ መሆን አለበት።

ዘበኛው ዐሚ ሳሊህ፣ አጎቴ ሳሊህ እንደማለት ነው፣ ኮምቦልቻ ያደጉ ሽማግሌ ነበሩ፣ አማርኛቸው ከኔ ይሻላል።

«ያ ሙሃንዲስ፣ አንተ መሐንዲስ፣ ከፓምፑ ቤት ጀርባ ያለውን ቱቦ አይተህ እለፍ» አሉኝ። «እንዳታንኳኳው።»

«ባንኳኳውስ? ግባ ሊለኝ ነው?»

«እኔ አንዴ ነው ያንኳኳሁት» አሉና ጫታቸውን ይዘው ወደ ጥላው ሄዱ።

የዚህ አገር ነገር እንዲህ ነው አልኩ በልቤ፣ ሰው ከዙህር ሰላት በኋላ ጉንጩን በጫት ወጥሮ ሲቀመጥ ብረት ሁሉ ያናግረዋል።

ከጀርባ ያገኘሁት ቱቦ ርዝመቱ ስድስት ሜትር ቢሆን ነው፣ ሁለቱም ጫፉ ተቆርጦ ክፍት ነው፣ እንደ ሬሳ በብረት እግሮች ላይ ተጋድሟል፣ መሐሉ ላይ ያለው ጌጅ ግን ግፊት አለ ይላል። መርፌው ዝጎ ተጣብቆ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል፣ እንዲህ ሲሆን መስታወቱን በጣት መታ መታ ማድረግ የሙያችን ልማድ ነው፣ ሁለቴ መታሁት።

ከቱቦው ውስጥ ሁለቴ ተመታ።

ብረት በፀሐይ ሲለጠጥ ይንቋቋል፣ ይኼን ተማሪም ያውቀዋል፣ ጎንበስ ብዬ በጫፉ አየሁ፣ አይጥ የለ፣ ድመት የለ፣ በወዲያኛው ጫፍ ባሕሩ ይታየኛል። እስቲ ልዋረድ ብዬ በብዕሬ ሦስቴ መታሁ፣ ሦስቴ መለሰ፣ ልክ በኔ አመታት፣ ሦስተኛዋን ዘግየት አድርጎ። ያን ጊዜ እጄን ቱቦው ላይ አሳረፍኩ፣ እመኑኝ፣ በዚያ እንቁላል በሚጠብስ ፀሐይ ብረቱ ከበረዶ ቤት የወጣ ያህል ይቀዘቅዝ ነበር፣ መርፌውም እያየሁት ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ።

ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ፣ ሮጥኩ አልልም፣ ግን በእርጋታም አልሄድኩ።

ዝርዝሩን ስጨርስ በዚያ ጌጅ መስመር ላይ «አልተረጋገጠም» ብዬ ጻፍኩ። ሙዲሩ፣ የቢሯችን ኃላፊ፣ ወረቀቱን ፊቴ ላይ ወረወረው፣ «ስድስት ሜትር ክፍት ብረት ምኑ ነው የማይረጋገጠው? ቆራጮቹ ቅዳሜ ይገባሉ፣ ወይ ባዶ ነው ብለህ ፈርም ወይ ቦታህን ልቀቅ» አለኝ፣ አልፈረምኩም፣ ለምን እንደሆነም አልነገርኩት፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፣ ምን ብዬ? እሱም ናስርን ላከ፣ ናስር ትምህርቱን ገና የጨረሰ፣ ከኔ የባሰ አፍንጫውን የነፋ መሐንዲስ ነው፣ «ሽማግሌ ሆነሃል» ብሎኝ ሄደ።

በዚያው ቀን ከዐስር ሰላት በፊት ተመለሰ፣ ቦርሳውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ፣ የሰጠሁትን ውሃ አልጠጣም።

«አንተ ስንቴ መታኸው?» አለኝ።

«መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት» አልኩት።

ዓይኑን ከእጆቹ ላይ አላነሳም።

«እኔ» አለ፣ «አንድም ሳልመታ ነው የመለሰልኝ።»