ብርቱካናማው ጓንት

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ቦታ አለ። ስልካችሁን ለትንሽ ጊዜ አስቀምጡልኝና ስለ ሎርና ላውጋችሁ። አስራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ነገሩ የሆነው ሐምሌ ላይ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ፣ ቴክሳስ ውስጥ ነው።

«ሰጎኗ! ሰጎኗ ልትገባ ነው!» ብላ ጮኸች ብሪሊ።

ገብታ የለ እንዴ! ረጅም አንገቷን በመኪናው መስኮት አሹልካ ጭንቅላቷን መኖ ከረጢቱ ውስጥ ነክራለች። ብሪሊ ደንግጣ ከረጢቱን ወደ ላይ ወረወረችው፤ መኖው እንደ በረዶ ዘነበ፤ በአያታቸው በአባባ ዴልበርት ባርኔጣ ላይ፣ በሴት አያታቸው በእማማ ኦፓል ጉያ ውስጥ፣ ምድጃው ላይ፣ አልጋው ላይ። ምድጃና አልጋ ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። መኪናዋ ቤትም ናት፤ መታጠቢያዋ ሳይቀር ውስጧ ነው። ቤተሰቡ «አሮጊቷ» ይሏታል። አባባ «አሮጊቷ ዛሬ ታስላለች» ባለ ቁጥር እማማ «የትኛዋ?» ትለዋለች።

የገቡበት የዱር አራዊት ማርቢያ ሰፊ ነው። መኪናው በዝግታ ይሄዳል፣ እንስሳቱ ደግሞ ራሳቸው እየመጡ ይጠይቃሉ። አባባ ፍሬን ይዞ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ረጅም እግር ከረጅም እግር ጋር ተገናኘ!» አላት ብሪሊን። «ዘመድሽ እኮ ናት፣ ሰላም በያት!»

ከኋላ ወንበር ላይ ሎርና አልሳቀችም። የፊት ወንበሩ የእሷ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት እፍኝ የማትሞላ መኖ ብትደፋ፣ አባባ መኪናውን አቁሞ «መኖ በመስኮት ይወጣል እንጂ አይገባም» ብሎ ወለሉን አስጠርጓታል። ዛሬ ሙሉ ከረጢት ተደፍቶ ይስቃል። ጭራሽ ደግሞ ዞር አለና «ሎርናዬ፣ መጥረጊያው የት እንዳለ አንቺ ታውቂያለሽ» አላት።

ጠረገች። የሜዳ አህዮቹ በግራ በቀኝ ሲያልፉ፣ ብሪሊ «ወይኔ፣ ወይኔ፣ እዩት ውርንጭላውን!» ስትል፣ እሷ ጎንበስ ብላ ከአልጋ ስር መኖ ትለቅማለች።

«ምነው፣ ሎሚ የመጠጥሽ መሰልሽ?» አለቻት እማማ።

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ አያኮመጥጥም።»

ሎርና መኖውን መልቀም ቀጠለች። መልሱን ታውቀዋለች፤ ስታስበው ግን ያሳፍራል። ብሪሊ የአክስቷ ልጅ ናት፤ አንድ ዓመት ታንሳታለች። በዚያ ክረምት እናትና አባቷ ሊለያዩ ስለሆነ አያቶቿ ዘንድ ተላከች። ከጉዞው በፊት የሎርና እናት ስንቴ «ዘንድሮ ከብዷታል፣ ቻያት» እንዳለቻት! መቻሉንስ ትችል ነበር። ግን አባባን ከሌላ ልጅ ሳትጋራ የምታገኝበት ጊዜ በዓመት ይህ ጉዞ ብቻ ነው፤ እሱም ከእጇ እየተንሸራተተ ነው። አንጀቷ ይቃጠላል፤ የሚያዝንላት ደግሞ የለም፤ የሚታዘንላት ሌላ ናት።

አንድ ነገር ግን ቀርቶላታል ብላ ታስብ ነበር፤ ጓንቱ።

እንደ አሮጊቷ ያለ መኪና ማታ የሚያድርበት ማረፊያ ቦታ የሚገባው በኋላው ነው። ሾፌሩ ከኋላው ያለውን ስለማያይ፣ አንድ ሰው ወርዶ በእጁ ይመራዋል። ድሮ ይህ የእማማ ሥራ ነበር፤ ከሩቅ እንዲታይ ብርቱካናማ ጓንት አጥልቃ። ጉልበቷ ሲያስቸግራት ጓንቱን ለሎርና ሰጠቻት፤ ከነሕጉ። መጀመሪያ ሰማዩን እዪ፣ ቀጥሎ መሬቱን። የሾፌሩ ፊት በስፖኪዮው ካልታየሽ፣ አንቺም አትታይውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መሪ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ከጎን እጁን አያወናጭፍም፣ አይጮህም። «ሁለት መሪ ያለው መኪና ዛፍ ላይ ነው የሚያድረው» ትላለች እማማ።

ከሰዓት በኋላ ሮክፖርት የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ደረሱ። አሮጊቷን ከባሕሩ ዳር አቁመው በእግር ወጡ። ነፋሱ ጨውና ዓሣ ይሸታል። የሽሪምፕ ጀልባዎቹ ተመልሰው መረባቸውን ሰቅለዋል፤ ፔሊካን የሚባሉት መንቁራቸው ስር ከረጢት ያላቸው ወፎች እንደ ተቆጡ ዳኞች በየግንዱ ላይ ተቀምጠዋል። አባባ ክንዱን ለብሪሊ ሰጥቶ ከፊት ከፊት ይሄዳል።

«ያንን አየሽው? ጉንጩ ውስጥ እራቱን ደብቋል።»

«ውሸትህን ነው፣ አባባ!»

ሎርና ይህን ቀልድ ታውቀዋለች። በስድስት ዓመቷ ለእሷ ነበር የተነገረው፣ እሷም «ውሸትህን ነው» ብላ ነበር። ቀልድም እንደ ልብስ ለሌላ ይሰጣል እንዴ? ሽሮፕ የፈሰሰበት በረዶ ተገዝቶላት እጇ ላይ ቀለጠ።

አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ አባባ ከኋላ ኪሱ ጓንቱን አወጣና ብሪሊ ጭን ላይ አስቀመጠው።

«ዛሬ አሮጊቷን የምታስገቢያት አንቺ ነሽ።»

«አባባ!» ሎርና ከመቀመጫዋ ተነሳች። «እሷ እኮ ሳይክል እንኳ በቅጡ አትነዳም!»

«አንቺስ ስትወለጂ ነው እንዴ የቻልሽው?»

ተመልሳ ተቀመጠች። እማማ ባሕሩን ታያለች፤ ወይም የምታይ ትመስላለች።

ሲመለሱ ብሪሊ ወደ ኋላ ቀርታ ከሎርና ጎን መራመድ ጀመረች። ጓንቱን በሁለት ጣቷ ይዛዋለች፤ እንደ ሰው ዕቃ።

«ያንቺ እንደሆነ አላወቅኩም። ከፈለግሽ...»

«አልፈለግኩም። አታካብጂ።»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«አልያዝኩም እኮ።»

ብሪሊ የጓንቱን ጣት ጠመዘዘች። «አባዬ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎ ነበር» አለች። «አሁን ደግሞ አይመቸኝም አለ።» ሎርና ሰምታለች። ግን ያልሰማች መስላ ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ አለች። ጫማዋ ክር የለውም።

ማረፊያው ሲደርሱ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። እዚያ አካባቢ ያሉትን ዋርካ የሚያህሉ ዛፎች የባሕር ነፋስ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አጉብጧቸዋል፤ ሰላም ለማለት ጎንበስ ያለ ሰው ይመስላሉ። አሮጊቷ የምትቆምበት ቦታ በሁለት ዛፎች መካከል ነው። በግራ በኩል የመብራት ቋሚና የውኃ ቧንቧ አለ። እማማ አሮጊቷ ውስጥ ሶፋው ላይ ቀረች። ሎርና ወርዳ የእንጨት ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ብሪሊ ጓንቱን አጠለቀች፤ ሰፍቷታል።

አሮጊቷ «ጢጥ፣ ጢጥ» እያለች ወደ ኋላ መጣች።

«ና... ና... ና...» ብሪሊ ዓይኗን ከቋሚው ላይ አልነቀለችም። ቋሚውን እንዳይነካ በጥንቃቄ፣ ምላሷን ነክሳ ትመራለች። በደንብ ነበር የምትመራው፤ ይህም ሎርናን አናደዳት።

ከዚያ ሎርና ወደ ላይ አየች።

ከጎበጠው ዛፍ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ዝቅ ብሎ ቦታው ላይ ተዘርግቷል። የአሮጊቷ ኤሲ ጣራው ላይ ጉብ ብሏል። ቅርንጫፉና ኤሲው በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ብሪሊ ሰማዩን አላየችም። ማንም እንድታይ አልነገራትም፤ ሕጉን ከጓንቱ ጋር መስጠት የነበረባት ሎርና ናት፣ «አልፈለግኩም» ብላ አለፈች።

ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አላት። ኤሲው ይሰበራል። አባባ ይወርዳል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ አይስቅም። ነገ ጓንቱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ከእሷ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ማለት ደግሞ ጥፋት አይመስልም። ሕጉስ ቢሆን፣ መሪ አንድ ብቻ ነው አይደል የሚለው?

«ና... ና...»

የጓንቱ ጣቶች ባዶ ጫፋቸው ይወዛወዛል። ለብሪሊ እጅ በጣም ሰፊ ናቸው። የመጀመሪያው ዓመት ለሎርናም እንዲሁ ነበሩ።

ከጠረጴዛው ዘለለች። አልጮኸችም፣ እጇንም አላነሳችም። ስፖኪዮው እንዳያሳያት በዛፉ ኋላ ዞራ ሮጠችና ብሪሊ አጠገብ ከግንዱ ጀርባ ቆመች።

«አቁሚው። ሁለቱንም እጅሽን አጣምረሽ ወደ ላይ። ቶሎ!»

ብሪሊ እጆቿን አጣምራ አነሳች። አሮጊቷ ተንገጫግጫ ቆመች። በቅርንጫፉና በኤሲው መካከል የቀረው ክፍተት አንድ ድመት በደንብ አያሳልፍም።

አባባ ወርዶ ወደ ላይ አየ፤ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ። «ኧረ ጉድ! ብሪሊ! ይህ ነው ዓይን ማለት! ማን አስተማረሽ?»

ብሪሊ አፏን ከፈተች። ከዛፉ ኋላ ሎርና ራሷን ነቀነቀች፣ አይሆንም በሚል። ነገሩ አሁንም ያቃጥላታል፤ ምስጋናው አጠገቧ ወድቆ ሳታነሳው ማለፍ ቀላል አልነበረም። ግን አላነሳችውም።

አባባ ወደ ሾፌር ወንበሩ ሲመለስ ብሪሊ በሹክሹክታ «አሁን የት ልቁም?» አለች።

ሎርና ትከሻዋን ይዛ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ወሰደቻት። «እዚህ። ከቅርንጫፉ በዚህ በኩል አሳልፊው። ስፖኪዮውን እዪ። ፊቱ ይታይሻል?»

«ይታየኛል። ባርኔጣውም።»

«እንግዲያው አንቺም ትታይዋለሽ። ከዚህ አትንቀሳቀሺ። መጀመሪያ ሰማዩን፣ ከዚያ መሬቱን።»

«አንቺስ?»

«እኔ የውኃ ቱቦውን ልግጠም» አለችና ስፖኪዮው ወደማይደርስበት ወገን ዞረች። የውኃ ቱቦውን ፈትታ ከቧንቧው ጋር ስታጠብቅ፣ ከኋላዋ የብሪሊ ድምፅ «ና... ና... በቃ!» ሲል ሰማች። አባባም አጨበጨበ።

በላይዋ የአሮጊቷ መስኮት ተከፈተ። እማማ ኦፓል አንገቷን አወጣች፣ ልክ እንደ ሰጎኗ።

«ሰማዩን ያየው ማን ነው?» አለች ቀስ ብላ።

ሎርና ቱቦውን አንድ ዙር ጨመረችለት። «ብሪሊ» አለች።

«እሺ» አለች እማማ። «ብሪሊ ስትጨርስ፣ ያስቀመጥኩትን ኬክ መጥታ ትውሰድ በያት። ሁለት ቁራጭ ነው። አንዱን ብሪሊ ትብላው፤ ሌላውን ሰማዩን ያየችው።» መስኮቱንም ዘጋችው።

እናንተም ልጆቼ፣ ትልቅ መኪና ቀጥ ብሎ ቦታው ሲገባና ሰው ሁሉ ለባለጓንቷ ሲያጨበጭብ ካያችሁ፣ አጨብጭቡ፤ ይገባታል። ግን አደራችሁን፣ ከስፖኪዮው ውጭ ጎንበስ ብላ ቱቦ የምታጠብቀዋንም ልጅ አስታውሱልኝ።