የሰከረ ምስክር

ሟቹ አፉ ጭቃ እንደ ጎረሰ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ጎርፉ ከክፍሉ የወጣው በሦስተኛው ቀን ስለሆነ አስከሬኑን ያነሡት ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው ነበር። አክስቱ ግን አልያዘችም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፤ እሰሩኝ» አለች። «ነፋሱ በሩን ሲያንገጫግጨው ሰው የለም ብዬ ከውጭ ቀረቀርኩት። ለካ ልጄ ተኝቶ ኖሯል! ጎርፉ ሲመጣ ነፍሴን ይዤ ዳገት ወጣሁ።»

«ሰው የለም ብላ?» አለች የሟቹ ሚስት። «ድሮስ መቼ እንደ ሰው ትቆጥረው ነበር!»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ስለቀጠነች ሳይሆን ስለምትወጋ። የአስከሬኑን ፀጉር ገለጥ አድርጋ ማጅራቱን አየች። የጣት ምልክት በልዞ ቀርቷል። ከዚያ ክፍሉን ቃኘች። የጭቃው ግድግዳ እስከ ደረት ድረስ ርሶ ጠቁሯል። ጥግ የቆመው የብረት ቁምሳጥን ግን ደለል የያዘው እስከ ጉልበት ብቻ ነው።

«አንተስ?» አለችው የሟቹን የሥራ ባልደረባ። ሁለቱ በአንድ ቢሮ፣ ጎርፍ ሳይመጣ የሚያደርሰውን ጉዳት በኮምፒዩተር ይገምቱ ነበር፤ ሟቹ ይለካል፣ ይኼኛው ይቀምራል።

«ልረዳው መጥቼ ከመንገድ ዳር በመስኮት አየሁት» አለ ቀማሪው። «ውሃው ደረቱ ደርሶ ነበር። ጮኸ፣ አዳለጠው፣ ሰጠመ። ግቢው ሞልቶ መግባት አቃተኝ።»

«ደረቱ? እርግጠኛ ነህ?»

«ግድግዳው ይኸው! ምስክር ከፈለጉ ያውልዎት።»

መርፌ ወደ ሚስትየው ዞረች። «እሱና ባልሽ ይስማሙ ነበር?»

«በምን ዕድላቸው! ሁልጊዜ በግድግዳ ይጣላሉ። ባሌ የሰፈሩን ቤት ሁሉ ሲለካ ከርሞ፣ ‹አንተ የምትቀምረው የሰው አገር ሲሚንቶ ነው፤ የእኛ ጭቃ ውሃ ይጠጣል፤ ጉልበት በሚደርስ ጎርፍ ይናዳል› ይለዋል። አለቃቸው ፊት ‹የማያውቀው አገር መሐንዲስ› ብሎ አስቆበታል። ጎርፉ በመጣ ማግስት ደግሞ ልኬቱን ለሁሉም ሊያሳይ ነበር።»

«ግድግዳ ይጠጣል!» ቀማሪው ሳቀ። «ሰካራም ነዋ!»

መርፌ አልሳቀችም። ከፈረሰው አጥር አንድ የጭቃ ጡብ አነሣችና ጣት የማይሞላ ውሃ ባለበት ትሪ ላይ አቆመችው።

ማታ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጡቡ እስከ አናቱ ርሷል።

«ምስክርህ በእርግጥ ሰክሯል» አለችው። «ብረት አይጠጣም፤ ውሃው ጉልበት እንጂ ደረት አልደረሰም። ይህን አሳምረህ ታውቃለህ፣ ውስጡ ቆመሃልና። ዛሬ ግድግዳውን ስታይ ግን ከሄድክ በኋላ ውሃው የጨመረ መሰለህ፤ ደስ ብሎህ ያላየኸውን ደረት መሰከርክ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ጉልበት በሚደርስ ውሃ ግቢ አይዘጋም። ገብተህ መቀርቀሪያውን ከፈትክለት። ልታወጣው የመጣህ መስሎት ይሆናል። ማጅራቱን ይዘህ ደፈቅከው፣ ወጥተህ መልሰህ ቀረቀርክ፤ ኃጢአቱን ለአሮጊቷ አሸከምክ።»

ቀማሪው ወደ ትሪው ጎንበስ አለ። ዓይኑ ከጡቡ አልተነቀለም።

«ይህን ያህል... ምን ያህል ነው የሚጠጣው?»

«የሚነግርህ አንድ ሰው ነበር። አንተ እሱን አጠጣኸው።»

አክስትየው ወደ መርፌ ቀረብ አለች። «እኔ አልገደልኩትማ፣ ልጄ?»

«አልገደሉትም፣ እትዬ።»

«ባልቀረቅረውስ ኖሮ?»

መርፌ ዋሽታ ማጽናናት አልለመደባትም።

«በእግሩ ይወጣ ነበር» አለችና ቀማሪውን ከፊት አስቀድማ ሄደች።