የዋለለችው ቁጥር

ዶክተር ሻሓር በቤተ ሙከራው ዕቃ ቤት ወለል ላይ ተደፍቶ፣ ማጅራቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። የተመታበት መፍቻ የቴክኒሻኑ የአለነ ነው። የፖሊስ አለቆች «ሰንበት ሳይገባ እሱን እስር ቤት አስገቡት» ብለዋል። መርማሪ ባንቺአየሁ ግን ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ እግሯ አላርፍ ብሏል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ደግሞም ተጠርጣሪው የኢትዮጵያውያኑ ሰፈር የክርያት ሞሼ ልጅ ሲሆን ክሱ ለምን እንደሚፈጥን ታውቀዋለች፤ አበሳጭቷታል።

«መፍቻውን ጠዋት ከጠረጴዛዬ አጣሁት እህት ዓለም» አለ አለነ። «ልጆቼ ‹አባታችሁ ገዳይ ነው› ሲባሉ...»

«ቆይ፤ ዛሬ ምን ሠራህ?»

«ሻሓር ማንም ሳይገባ ጠራኝ። የብርሃን መለኪያው ኃይሉን የሚያሳየው በጁል ነበር። ጁል ለአንዲት የብርሃን ቅንጣት ይገዝፋል፤ ከነጥቡ ኋላ አስራ ስምንት ዜሮ ይደረደራል። ስለዚህ ተመራማሪው ኢታን ውጤቱን ወደ ትንሿ መለኪያ ወደ ኤሌክትሮንቮልት ይመነዝራል። ሻሓር ‹ሲመነዝር ያጭበረብራል መሰለኝ፤ ከዛሬ ወዲያ መሣሪያው ራሱ መንዝሮ ያሳይ፤ ለማንም አትንገር› አለኝ። ቤሰደር፣ እሺ ብዬ ቀየርኩት።»

ተማሪዋ ታሊያ ኢታን መለኪያው ክፍል ሲገባ አይታለች፤ ሲወጣ አላየችም።

«ክፍሉ ሌላ በር አለው?» አለቻት ባንቺአየሁ።

«አለው። በዕቃ ቤቱ በኩል።»

ተመራማሪው ኢታን ተረጋግቶ ተቀምጧል። «ጠዋቱን ሙሉ ከመሣሪያው አልተነሳሁም። አረንጓዴ ብርሃን ስለካ ነበር።»

«ስክሪኑ ላይ ምን አየህ?»

«ከዜሮዎቹ ኋላ ሦስት ሰባት ሦስት። የመጨረሻዋ ቁጥር እንኳ ሦስትና አራት ላይ ትዋልል ነበር።»

ባንቺአየሁ ሁሉንም መለኪያው ፊት ሰበሰበቻቸው። ኢታን ያንኑ ቃሉን ደገመ። «ያላ፣ በል አለነ፣ አብራው» አለች። ስክሪኑ ሁለት ነጥብ ሦስት ሦስት አሳየ፤ ዜሮ የሚባል የለም።

«ከማለዳ ጀምሮ በኤሌክትሮንቮልት ነው» አለች።

ኢታን ፊቱ ጠቆረ። «ያው ነው! በጭንቅላቴ ወደ ጁል መንዝሬ ነው የነገርኩሽ!»

«ሒሳቡስ ልክ ነው። ግን በጭንቅላት የመነዘሩት ቁጥር ስክሪን ላይ ሲዋልል አይታይም። የነገርከኝ የትናንቱን ነው፤ ዛሬ እዚህ አልተቀመጥክም። ሻሓር ውጤትህን እንደጠረጠረ አወቅህ፤ በሌላኛው በር ወጥተህ ዕቃ ቤት ውስጥ ጠበቅኸው። የአለነን መፍቻ የመረጥከው እሱ ከተያዘ ሌላ ሰው የሚጠረጥር አይኖርም ብለህ ነው።»

ኢታን አንገቱን ደፋ። «ሥራዬን ሊያስጥለኝ ነበር» አለ።

አለነ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። «ለልጆቹ ንገሪያቸው» አለ ለሚስቱ፤ «አባ ለሰንበት ይደርሳል።»