ለዋልቤርቶ ስንት ሰዓት ይበቃዋል?

«ሄሎ! ማን ነው? ፍሪጁ ቆሞ ከሆነ ሥጋውን አውጥታችሁ ጎረቤት አስቀምጡ! እየመጣሁ ነው!»

ኤዲልማ ኦካምፖ ከአዲሱ ደንበኛዋ አፍ የሰማችው የመጀመሪያ ንግግር ይኸው ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ አቶ ዋልቤርቶ። እኔ ፍሪጅ የለኝም... ማለቴ ፍሪጅስ አለኝ፣ ግን አልተበላሸም። የምደውለው ከማኒሳሌስ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስልክዎን የማነሣልዎትና ቀጠሮ የምይዝልዎት እኔ ነኝ።»

ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ብረት ከላይ ወደ ታች እየተንኳኳ ወረደ። ስድብ ተከተለ። ከዚያ ሳቅ።

«ይቅርታ የኔ ፍቅር! ጣሪያ ላይ ነኝ፣ ካቻቢቴዬ አመለጠኝ። አንቺ ነሽ እንዴ? ተባረኪ! ይኼ ስልክ ሊገድለኝ ነው እኮ!»

የኔ ፍቅር! ገና ደቂቃ ሳይሞላ! ኤዲልማ ፊቷ ጋለ። ከወንበሯ ተነሥታ ክፍሏ ውስጥ መንጎራደድ ጀመረች። በእርግጥ ድሮም ቢሆን ተቀምጣ ስልክ ማናገር አይሆንላትም። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት ስትመላለስ ነው የምትውለው። እናቷ ወይዘሮ ሮሳልባ በየስድስት ወሩ ነጠላ ጫማ ይገዙላታል።

ሥራዋ ከቤት ነው፣ በተራራ ላይ ባለችው ቀዝቃዛ ማኒሳሌስ። ጸሐፊ መቅጠር ለማይችሉ ትንንሽ ድርጅቶች ስልክ የሚያነሣ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ቀጠሮ የሚይዝ ቢሮ ቀጥሯታል። ደንበኛው በሳምንት አምስት ሰዓት፣ አሥራ አምስት ሰዓት ወይም ሙሉ ቀን ይመርጣል። በሦስት ወሩ ደግሞ ሠራተኛዋ ታየዋለች፤ ሰዓቱ ይጨመርለት፣ ይቀነስለት ወይስ እንዳለ ይቀጥል የሚለውን ምክር በጽሑፍ የምትሰጠው እሷ ናት። አንድ ነገር ግን አለ። የአምስት ሰዓት ደንበኛ የራሱ ሰው አይመደብለትም። ስልኩን ተረኛ የሆነችው ታነሣዋለች።

ዋልቤርቶ በአሥራ አምስት ሰዓት ጀመረ። በኮሎምቢያ ባሕር ጠረፍ ባለችው ሞቃት ባራንኪያ ውስጥ ፍሪጅና የአየር ማቀዝቀዣ ይጠግናል። በዚያ ሙቀት ማቀዝቀዣው የማይበላሽበት ማን አለ? ስልኩ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮሃል። ኤዲልማ ታነሣለች፣ ታረጋጋለች፣ ቀጠሮ ትይዛለች። በቀን ሁለት ጊዜ ደግሞ ለእሱ ደውላ ቀጣዩን ቤት ትነግረዋለች።

«ቀጣዩ አይስክሬም ሻጯ ወይዘሮ ናቸው፣ አቶ ዋልቤርቶ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ።»

«እሺ ሆዴ። ደግሞስ?»

«ከዚያ ዳቦ ቤቱ።»

«እሺ። ደግሞስ?»

«ሌላ የለም።»

«ጉሙስ? ዛሬ ጉም አለ እዚያ?»

ኤዲልማ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች። መስኮቱ ሥር ባለው ኮምፒውተሯ ላይ አረንጓዴ ሰዓት ቆጣሪ አለ። ለደንበኛው የሠራችውን እያንዳንዷን ደቂቃ ይመዘግባል፤ ሪፖርቱም በየሳምንቱ ለደንበኛው ይላካል። ጣቷን ሰድዳ ታጠፋዋለች። ከዚያ በኋላ ነው የምትመልስለት።

«አለ። በገመድ የሚንጠለጠለው የኬብል መኪና ጣቢያ እንኳን አይታይም። ቤታችን እኮ ከጣቢያው አጠገብ ነው፣ ቢጫ በር ያለው።»

«እኔ ጉም አይቼ አላውቅም፣ የኔ ቆንጆ። ፍሪጅ ውስጥ ካልሆነ በቀር።»

እንዲህ እየተባለ አርባ ደቂቃ ያልፋል። ስለ ጉም፣ ከሞተ አሥር ዓመት ስለሆነው አባቷ፣ ትታው ስለሄደችው ሚስቱ፣ ስለተጠበሰ ዓሣ። ኤዲልማ ስልኩን ስትዘጋ ልቧ አርፎ አያውቅም። «የኔ ፍቅር» ይላል... ምን ማለቱ ነው? አንድ ቀን ግን ከገበያ እያወራት ሳለ ወደ ጎን ዞር ብሎ «የኔ ፍቅር፣ ይቺን ትልቋን ዓሣ መዝኚልኝ» ሲል በጆሮዋ ሰማች። ለካ ለሁሉም ነው! የባሕር ጠረፍ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ ለትራፊክ ፖሊሱም «ሆዴ» ይላሉ። ያን ቀን እራት አልበላላትም።

ሦስተኛው ወር ሊሞላ ሲል ዋልቤርቶ ራሱ ደወለ።

«ሙሉ ቀን አድርጊልኝ።»

«ምን?»

«ሰዓቱን። ከጠዋት እስከ ማታ አንቺ ሁኚልኝ።»

ኤዲልማ የክፍሉ መሐል ላይ ቆመች። ከጠዋት እስከ ማታ! አንድ ሌላ ደንበኛ ሳይኖር፣ እሱን ብቻ! በደስታ ልትጮህ ምንም አልቀራትም። ስልኩን ዘግታ ምክሩን ልትጽፍ ተቀመጠች፤ ወዲያው ተነሣች። የቀጠሮ መዝገቡን ከፈተች።

ያየችውን ባላየች! ከሦስት ወር በፊት አንድ ሰው ሁለት ቀን ይጠብቅ ነበር። አሁን አሥራ አንድ ቀን ይጠብቃል። እሷ ስልኩን ባነሣች ቁጥር ወረፋው ይረዝማል፤ እሱ ግን ያው ሁለት እጅ ያለው አንድ ሰው ነው። አይስክሬም ሻጯ ሦስቴ ደውለዋል። በሦስተኛው «ሁሉም ቀለጠ ልጄ፣ አሁን ቢመጣም ባይመጣም ለውጥ የለውም» ብለው አለቀሱ። ሙሉ ቀን ስልክ ማንሣት ማለት ሙሉ ቀን የማይፈጸም ቃል መግባት ነው። ሥራው ሊፈርስ ነው። የዋልቤርቶ ችግር ስልኩ አልነበረም።

አለቃዋ ወይዘሮ አምፓሮ በነገሩ ሳቁ።

«ሰውየው ሙሉ ቀን ካለ ሙሉ ቀን ስጪው! የምትከለክዪው አንቺ ማን ነሽ?»

«አያስፈልገውም እኮ።»

«ዝቅ ካደረግሽው ታጪዋለሽ። ለተረኛ ነው የሚሰጠው። ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ» አለች ኤዲልማ። ይህን ከእሷ በላይ ማን ያውቃል?

ሁለት ቀን ሙሉ ተንጎራደደች። ጽፋ አጠፋች፣ ጽፋ አጠፋች። ብትዋሽ ድምፁ የእሷ ይሆናል። እውነቱን ብትናገር ሥራው ይተርፋል፣ እሷ ግን ታጣዋለች። በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና ላከችው፦

«አቶ ዋልቤርቶ፣ ሙሉ ቀን አያስፈልግዎትም። አሥራ አምስቱም በዝቷል፤ አምስት ሰዓት ይበቃዎታል። በሚተርፍዎት ገንዘብ አንድ ጥሩ ቴክኒሻን ይቅጠሩ። የጎደለዎት መሰላል የሚይዝልዎት ሰው እንጂ ስልክ የሚያነሣልዎት አይደለም።»

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ።

«አምስት ሰዓት?»

«አዎ።»

«አንቺስ?»

«አምስት ሰዓት ሲሆን... ተረኛ የሆነችው ናት የምታነሣው።»

«ሌላ ሰው።»

«አዎ፣ ሌላ ሰው።»

የመሣሪያ ሳጥኑን ሲዘጋ ተሰማት።

«ሰልችቼሽ ከሆነ በግልጽ ብትነግሪኝ ይሻል ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አቶ፣ እርስዎ፣ አቶ፣ እርስዎ... ሊገባኝ ይገባ ነበር።»

«እኔ ለሥራዎ የሚበጀውን ነው የጻፍኩት!»

«ለሥራዬ... እሺ። አመሰግናለሁ፣ ወይዘሪት ኦካምፖ።»

ወይዘሪት ኦካምፖ! ሆዴ የለ፣ የኔ ቆንጆ የለ። ኤዲልማ «ይጠብቁ!» ልትል አፏን ስትከፍት መስመሩ ተዘግቶ ነበር። መልሳ ልትደውል አነሣች፤ ምን ብላ? ለዓሣ ሻጯም የሚለውን ቃል ተማምና? አስቀመጠችው።

በማግስቱ ዋልቤርቶ ዬሴኒያ ለምትባል ተረኛ ተሰጠ። ኤዲልማም አንድ የካሊ ጥርስ ሐኪም ተመደበላት። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፤ ስለ ጉም ጠይቆ አያውቅም። ሥራ አላነሳትም፣ እረፍት ግን አጣች። ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች። ምግብ ጀምራ ትተዋለች። ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት።

«ወለሉን ጨረሱት እኮ፣ ልጄ» አሏት ወይዘሮ ሮሳልባ፣ እንደ ቤቱ ልማድ እርስዎ እያሉ። «ምን ሆነዋል?»

«ምንም እማዬ።»

«ምንም ሰውን እንዲህ አያከሳም።»

ሰባት ሳምንት እንዲህ ሄደ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከተማው በጉም ተውጦ ሳለ፣ ቢጫው በር ተንኳኳ። ኤዲልማ ወርዳ ከፈተች። አንድ ጆሮዎቹ ወጣ ወጣ ያሉ፣ ጺሙ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት አጭር ሰው ቆሟል። አጭር እጅጌ ሸሚዝ ለብሷል። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። በእጁ የታጠፈ ወረቀት ይዟል።

«ሃ... ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዝቃዜ ስሸጥ ኖርኩ» አለ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «እዚህ ለካ በነፃ ነው የሚታደለው!»

ድምፁ! ኤዲልማ የበሩን ጠርዝ ያዘች።

«አቶ ዋልቤርቶ?»

«አሁንም አቶ... በአውቶቡስ ሙሉ ቀንና ሙሉ ሌሊት መጥቼም አቶ!»

ወይዘሮ ሮሳልባ ከኋላ ደረሱ። እንግዳውን ሲያዩ ማንነቱን እንኳን አልጠየቁም።

«ይግቡ ይግቡ! ሊሞቱ ነው እኮ! ኤዲልማ፣ ምን ቆመው ያያሉ? የአባትዎን ሩአና ያምጡለት!» ከዚያ ወንበሩ ላይ ወደተኛችው ድመት ዞሩ። «እርስዎም ይነሡ! እንግዳ ይቀመጥበት!»

ዋልቤርቶ በሩአናው፣ በወፍራሙ የሱፍ ካባ፣ ተጠቅልሎ አንዴ ድመቷን፣ አንዴ ኤዲልማን ተመለከተ።

«ድመቷንም እርስዎ?»

«በእኛ ቤት የምንወደውን ሁሉ እርስዎ ነው የምንለው» አለች ኤዲልማ። ምን እንዳለች የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። እናቷ ትኩሱን የሸንኮራ መጠጥ፣ ፓኔላ፣ ላፍላ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። እሷም መንጎራደድ ጀመረች።

ዋልቤርቶ ወረቀቱን ዘረጋ።

«ቴክኒሻን ቀጠርኩ። ልክ ነበርሽ። አሁን ማንም ሰው ከሁለት ቀን በላይ አይጠብቅም። አይስክሬም ሻጯም ታርቀውኛል። እና ጊዜ አገኘሁ። ጊዜ ሳገኝ የላክሽልኝን ሪፖርቶች አነበብኳቸው።»

«ማንም አያነባቸውም እኮ!»

«እኔ ቆጣሪ የማነብ ሰው ነኝ፣ ሥራዬ ነው። ይኸው፣ ይቺ ማክሰኞ። ስለ አባትሽ የነገርሽኝ ቀን። ስልኬ ላይ አርባ ሁለት ደቂቃ ይላል። ያንቺ ሪፖርት ስድስት ይላል። ይቺ ደግሞ ዓርብ። አንድ ሰዓት ከሩብ አወራን፣ እዚህ ግን አራት ደቂቃ ነው። ሦስቱም ወር እንዲሁ ነው።» ቀና አለ። «ቆጣሪሽ ተበላሽቶ ነው?»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ?»

ኤዲልማ መስኮቱ ጋ ደርሳ መመለስ አቃታት።

«እኔ ነኝ የማጠፋው።»

«ለምን?»

«ሥራ አልነበረማ!» ድምጿ ተሰበረ። «ስለ ጉሙ ሲጠይቁኝ፣ ሲስቁ... ያንን እንዴት በሥራ ልቁጠረው? ቀኑን ሙሉ የምጠብቀው እሱን አልነበር?»

ዋልቤርቶ ተነሣ። ሩአናው እስከ ጉልበቱ ወርዷል።

«ሙሉ ቀን የጠየቅኩት ለስልኩ መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«በቀን አሥር ጊዜ የኔ ፍቅር ስልሽ አልነበር!»

«ለዓሣ ሻጯም ይላሉ! በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

ሳቁ መጣ፤ ያ የመጀመሪያ ቀን፣ ከጣሪያ ላይ የሰማችው ሳቅ። ሳቁ አልቆ ፊቱ ጸጥ ሲል አንድ እርምጃ ቀረባት።

«ኤዲልማ» አለ።

ሌላ ምንም አልጨመረበትም። ስሟን ሲጠራት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ኤዲልማ እንባዋ ወረደ፤ እጇን ሲይዛት ጣቶቹ ገና በረዶ ነበሩ። በሁለት እጇ ይዛ ታሞቃቸው ጀመረች።

አራት ቀን ሰነበተ። የወይዘሮ ሮሳልባ ፍሪጅ ባይበላሽም ፈታትቶ ጠገነው። ከዚያ በስድስተኛው ወር በማኒሳሌስ ተጋቡ፤ ኤዲልማም ማዳመጫዋን ሻንጣ ውስጥ ከትታ ባራንኪያ ወረደች። የጥርስ ሐኪሙ ከየት ሆና እንደምታነሣለት እስከ ዛሬ አያውቅም። ወይዘሮ አምፓሮ የሠርጉ ዕለት «አሁን ሙሉ ቀን አግኝቷል!» ብለው ቀልደዋል። ኤዲልማ ግን ለባሏ አንድ ሕግ አውጥታለች፦ የሥራውን ስልክ እሷ አታነሣም።

በቀደም ምሳ ላይ ነበሩ፤ የተጠበሰ ዓሣ በኮኮናት ሩዝ። ስልኩ ጮኸ። ዋልቤርቶ እጁ በዘይት እንደራሰ የልመና ዓይን ጣለባት።

«የኔ ፍቅር... አንዴ ብቻ?»

«የዚህ ሳምንት አምስት ሰዓትዎ አላለቀም። ዬሴኒያ ታነሣዋለች። ይብሉ።»

ስልኩ ሦስቴ ጮኾ ዝም አለ። ዬሴኒያ አንሥታዋለች ማለት ነው። ዋልቤርቶ ዓሣውን ሊቆርስ ሲል አንድ ነገር ታየውና ሚስቱን ቀና ብሎ አያት። ስልክ ጮኾ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ኤዲልማ ከወንበሯ አልተነሣችም ነበር።